ካንዴላ የጠረግሁበት ግጥም

ባለፈው ሳምንት የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አንድ ባለ ሞተር በሬን አንኳኳ። "ጋሼ፣ ሞተሬ ውሃ ገብቶበት አልነሳ አለኝ፤ ካንዴላ የምጠርግበት ደረቅ ወረቀት አይኖርዎትም?" አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ለማተሚያ ቤት ያዘጋጀሁት የግጥም ረቂቅ ተከምሯል። ሳቄ መጣ።

ነገሩ የድሮ ነው፤ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አስተማሪ ስላልነበረኝ ራሴ እጽፋለሁ፣ ራሴ አደንቃለሁ። ላሊበላ ውስጥ ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ከእሳቸው አፍ "ገጣሚ ነህ" የሚል ቃል ለመስማት የማልሆነው አልነበረም። ኩልመስክ ከተማ ታመው ለተኙት እህታቸው ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ጸበል ሊወስዱ መሆኑን ስሰማ የአጎቴን ሞተር ተውሼ፣ "እኔ አደርስዎታለሁ፣ የኔታ" አልኳቸው። ጸበሉንና መጠባበቂያ ቤንዚኔን፣ ሁለቱም በውሃ ፕላስቲክ ነበሩ፣ አንድ ኮሮጆ ውስጥ ከተትኩ። ግጥሞቼን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩ።

የኔታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከኋላዬ ተፈናጠጡ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሞተሩ ወደ ገደሉ ይሳባል።

"የኔታ፣ ቢያጥፉት ምን ይመስልዎታል?"

"አንተ መንገድህን እይ!"

ዳገቱ ላይ በረዶ ወረደብን፤ ነዳጁም አለቀ። እጄ ደንዝዞ፣ አፍንጫዬ ተደፍኖ፣ ከኮሮጆው አንዱን ፕላስቲክ መዝዤ ለሞተሩ አጠጣሁት። ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። እየገፋን ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠለልን። ሰማዩ ሲያጓራ የኔታ ደንግጠው ሌላኛውን ፕላስቲክ ከፈቱና በስመ አብ ብለው ፊታቸውን አበሱ።

"ልጄ፣" አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ "ይሄ ጸበል ቤንዚን ቤንዚን ይላል።"

ጸበሉን የጠጣው ሞተሩ ነበር።

"እግር የማይረግጠው ቦታ ድፋው" ብለው አዘዙኝ። ጸበሉን ከሞተሩ ታንከር አውጥቼ ከቋጥኙ ጥግ በክብር ደፋሁት። ቤንዚኑን ሞላሁ፤ ካንዴላውን የማደርቅበት ነገር ግን የለም። ሁለታችንም በስብሰናል።

"ደረትህ ውስጥ የሸጎጥከው ምንድን ነው?"

"ግጥም ነው፣ የኔታ።"

"እስኪ አንብበው።"

"አሁን?"

"ታዲያ ከተጠረገበት በኋላ ልታነበው ነው?"

አነበብኩ። የኔታ የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ አዳመጡ።

"ጨረቃ ስንት ጊዜ ወጣች?"

"ሰባት ጊዜ።"

"ባንድ ሌሊት? ጥረግበት።"

ሁለተኛው ስለ አገር ነበር። "ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ጥረግበት።"

ሦስተኛዋ አራት ስንኝ ብቻ ናት። አባቴ ጣሪያችን የሚያፈስበትን ቦታ ሁሉ ያለ መብራት እያወቀ ድስት ስለሚደቅንበት የጻፍኳት ናት፤ እዚያው ተቀላቅላ እንጂ ላነባት አስቤም አላውቅ። የቆሎው ድምፅ ቆመ።

"ይቺን ወደ ፌስታሉ መልሳት።"

"ካንዴላው ገና እርጥብ ነው፣ የኔታ።"

ጥምጣማቸውን ፈቱ። ላዩ ርሶ የውስጡ እጥፋት ደረቅ ነበር። ጫፉን አቀበሉኝ፤ "በዚህ ጥረግ።"

ሞተሩ ተነሳ። ገጣሚ ነህ አላሉኝም። ኩልመስክ ስንደርስ እህታቸው "ጸበሉስ?" ቢሏቸው፣ "መንገድ ላይ የባሰበት በሽተኛ ገጠመን" አሉ።

ባለ ሞተሩን ደጅ አቁሜ ረቂቄን አገላበጥኩ፤ የኔታ ለየትኛው ጥምጣማቸውን ይፈቱ ነበር እያልኩ። ጥምጣም የማይፈታላቸውን አሥራ አንድ ገጽ ይዤ ወጣሁ።

"ኧረ ጋሼ፣ አንድ ይበቃኛል!"

"ግድ የለህም፣ ውሰደው" አልኩት። "ክረምቱ ገና ነው።"