ሹፌሩን ሲያጫውቱ የመጡት አባት

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው አንዲት ቁልፍ ልጫን ጣቴን ዘርግቼ ስለነበር ነው። ያን ጊዜ ተጭኛት ወደ ሌላ ሥራዬ ብዞር ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት ነው። የተሳፋሪዎችን ቅሬታና ምስጋና የምቀበለው እኔ ነኝ። ድርጅታችን ትልቅ አይደለም፤ አውቶቡሶቻችን ከደምበጫ ተነሥተው በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ ስልኩ ይጠራል፤ የተቀዳ ድምፅ «ጉዞዎ እንዴት ነበር? ስለ ሹፌሩ ምን ይላሉ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም የተሰማውን ይናገራል፤ የተናገረውም የደንበኞች አስተያየት ወደሚጠራቀምበት ሲስተም ይገባል።

ችግሩ ያን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አለመኖሩ ነበር። እኔ አንድ ነኝ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ የተቀዳ ድምፅም ቢሆን ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ሳይጠይቀው ወደ ጉዳዩ አይገባም።

ስለዚህ ሲስተሙን ከአንድ የኤአይ ረዳት ጋር አገናኘሁት። ድርጅቱ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ላስመጣ ሲል «እኔ እያለሁ?» ብዬ ራሴ ገጠምኩት። እዚህ ላይ ትሕትና አያስፈልገኝም፤ ከሽኜ ነው የሠራሁት። ረዳቱ የተሳፋሪውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፣ ያነባል፣ ምስጋናውን በአረንጓዴ ቅሬታውን በቀይ ይለያል፣ መልስም ያዘጋጃል። ቀይ ሲሆን ስልኬ ይጮኻል። ያዘጋጀውን መልስ ግን እኔ ሳልፈቅድለት ለማንም አይልክም።

ቢሮ ውስጥ «አዲሱ ሠራተኛ» የሚል ስም ወጣለት። ሥራ አስኪያጃችን ታደለ «ምሳ አይበላ፣ ፈቃድ አይጠይቅ፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?» እያለ ይቀልድ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ታደለን ጠርቼ ሥራዬን እያሳየሁት ነበር። የመጀመሪያው አውቶቡስ ጎሕ ሲቀድ ከደምበጫ ተነሥቶ፣ እኛን አልፎ፣ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። ከደምበጫ ተሳፍረው አምበር ላይ የወረዱ አንድ ሽማግሌ አስተያየታቸውን ወዲያው ሰጥተው ስለነበር እያየነው ገባ። አረንጓዴ ሆነ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ማጠቃለያ ተጻፈ፦ «ተሳፋሪው ሹፌሩን በጣም አመስግነዋል። ዕረፍት እንዲሰጠውም ተመኝተውለታል።» ረዳቱ ለሹፌሩ የሚላክ መልእክትም አሰናድቶ ነበር፤ «ውድ ውበቱ፣ በመልካም አገልግሎትህ እንኮራለን» የሚል።

«ላኪለት እንጂ!» አለኝ ታደለ ደስ ብሎት። ጣቴን ዘረጋሁ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና «ቆይ፣ እስቲ ሰውዬው በገዛ አንደበታቸው ያሉትን አሰሚኝ» አለ። ድምፁን ከፈትኩት።

«እንዴት አደራችሁ? ደኅና ናችሁ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ገብቻለሁ። ሹፌሩም ይባረክ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ጆንያዬንም ራሱ ነው ያወረደልኝ። እንግዲህ የሰው ልጅ ነውና ይደክማል። ከደምበጫ ጀምሬ ሳጫውተው ነው የመጣሁት። አሁን እኔ ወረድኩ፤ ማን እንደሚያጫውተው እንጃ። አሳርፉት፣ አደራ። ክፉ ቃል እንዳትናገሩት።»

ታደለ «እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ድምፁን መልሼ ከፈትኩት።

ያደግሁት ደምበጫ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ነገር አያፈርጡም። የጎረቤታቸው ጣራ ሲያፈስ ቢያዩ «ቤታችሁ ሞቅ ያለ ነው፤ ዘንድሮ ግን ዝናቡ በዛ» ብለው ይወጣሉ እንጂ ጣራችሁ ተቀዷል አይሉም። የሠርቶ አዳሪን ስም ለአለቃው ማንሣት ደግሞ እንጀራውን መንጠቅ ነው፤ ከነውርም ነውር ነው። አንድ ተሳፋሪ ሹፌርን ያን ሁሉ መንገድ የሚያጫውተው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

«ታደለ፣ ሹፌሩ እያንቀላፋ ነው» አልኩ።

«የት ላይ ነው ያሉት? እኔ አልሰማሁም።»

«አላሉም። አይሉምም።»

«በግምትማ አንድ ሙሉ አውቶቡስ መንገድ ላይ አላስቆምም» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲያ እል ይሆናል። ነገር ግን ከአምበር በኋላ ያለው ሜዳ ደጀን ላይ ያልቃል። ከደጀን በታች የአባይ በረሃ ቁልቁለት ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል።

ለሽማግሌው ደወልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ ከአውቶቡሱ ቢሮ ነው።»

«አብሮ ይስጥልኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ? ቤተሰብ ደኅና? ልጆች ደኅና? ዝናቡስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?»

ሁሉንም መለስኩ። ባቋርጣቸው ይቀየሙኛል፤ ከተቀየሙ ደግሞ ምንም አይነግሩኝም። በየሰላምታው መሐል አውቶቡሱ ሲከንፍ ይታየኛል።

«አባባ፣ ሹፌሩን ሲያጫውቱት የመጡት ለምንድን ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«ጨዋ ልጅ ነው ብያለሁ እኮ።»

«አዎ፣ ብለዋል።»

«እንግዲያ ሌላ ምን ቀረኝ? በሰው እንጀራ ላይ አፌን አልከፍትም።»

«አባቴ ይሙት ከሥራው አይባረርም! አባባ፣ አውቶቡሱ በረሃውን ሊወርድ ነው። ሰው ሙሉ ነው። እባክዎ።»

«ወይ መድኃኔ ዓለም!» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «ዓይኑ እየተከደነ አስቸግሮት ነበር ልጄ። ትከሻውን ነካ እያደረግሁ ነው ያመጣሁት። ሜዳ ስለሆነ ነው የተረፍን። ቁልቁለቱን እንዳታስወርዱት።»

ታደለ ከአጠገቤ ሆኖ ሰምቷል። የሹፌሩን ቁጥር ራሱ መታ።

የሹፌሩ ስልክ ዝግ ነው፤ መሪ ላይ እያሉ ስልክ እንዳይከፍቱ እኛው ነን የከለከልነው። ከሹፌሩ ጋር የሚጓዘው የአውቶቡሱ ረዳት ስልክ ደግሞ ኔትወርክ የለውም። ደጀን ላይ የሚወርድ ሰው ስላልነበረ አውቶቡሱ እዚያ አይቆምም። የቀረችን ደጀን ያለችው ትኬት ቆራጫችን ትሁን ናት።

«ትሁን፣ አውቶቡሱ አልፏል?»

«ገና ነው።»

«አስቁሚው። ውበቱ እያንቀላፋ ነው።»

«በምን ላስቁመው? እጄን ባወዛውዝ ተሳፋሪ መስዬው ያልፈኛል!»

«እንደምንም!» ብዬ ጮኽኩ።

ትሁን «እንደምንም» ሲሏት የምትሠራውን የምታውቅ ሴት ናት። ስልኩን ሳትዘጋ ስትሮጥ ይሰማኛል። ከአንድ ባለ ባጃጅ ጋር ስትጨቃጨቅም ይሰማኛል። ባጃጁን ከከተማው መውጫ ላይ አስፋልቱን ዘግቶ እንዲቆም አደረገችና ራሷ ፊቱ ቆመች። ከዚያ የማውቀው ጡሩምባ መጣ፤ ረዥም ነበር። ፍሬን ሲያፏጭ ሰማሁ። ታደለ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ቆመ» አለች ትሁን እያለከለከች።

ውበቱ ሲወርድ ይቆጣል ብላ ፈርታ ነበር። አልተቆጣም። «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቃት፣ ነገረችው፣ መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ገና እያነጋገረችው እንቅልፍ ወሰደው። ለካ ልጁ ታማበት ሌሊቱን ሆስፒታል እንደታቀፋት ነው ያነጋው። ጠዋት ሥራ ሲገባ የስምሪት ኃላፊው «ደኅና አደርክ?» ብሎት ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፣ ቁልፉን ተቀበለ፣ ሄደ። ማን ምን ይበለው?

ደጀን ነዋሪ የሆነ ዕረፍት ላይ ያለ ሹፌራችን ተጠርቶ መሪውን ያዘ። ተሳፋሪው ዘገየን ብሎ አጉረመረመ፤ ያጉረምርም። ከወንዙ ማዶ ጎሐ ጽዮን ወጥተው «ተሻግረናል» የሚል ስልክ እስኪመጣ ድረስ እኔና ታደለ ከስልኩ አጠገብ አልተነሣንም። ስልኩ ሲመጣ አለቀስኩ። ታደለም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ማግስቱን «ይህን ማሽንሽን ንቀይው» አለኝ።

«አልነቅለውም» አልኩት። «አዲሱ ሠራተኛ ምን አጠፋ? ምስጋና ሰማ፣ ምስጋና ብሎ ጻፈ። አንተም ሰምተህ ስቀሃል። ጥፋቱ የጥያቄው ነው። እኛ አገር ሰውን ስለ ሰው ‹ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?› ብለህ ብትጠይቀው ጥሩ ነው ነው የሚልህ። ጥያቄውን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ስለ ውበቱም ተነጋገርን። ታደለ ሊያግደው ፈልጎ ነበር። «በአባቴ ምዬአለሁ፤ አባቴን ልትገድልብኝ ነው?» ስለው ተወው። ውበቱ ልጁ እስክትድን ዕረፍት ተሰጠው፤ ልጅቱም ዳነች።

ጥያቄውን ለማግኘት ብዙ አሰብኩ። ሰው ሳይከስ፣ ስም ሳያጠፋ፣ ኅሊናው ሳይቆረቁረው እውነቱን የሚናገርበት ጥያቄ መሆን አለበት። አሁን ከአውቶቡሳችን ሲወርዱ ስልክዎ ላይ የሚሰሙት ይህን ነው፦ «ሹፌሩ ዛሬ ቤትዎ በእንግድነት ቢመጣ መጀመሪያ ምን ያቀርቡለት ነበር?»

ታደለ መጀመሪያ ሲሰማው «ሰው ይስቅብናል» ብሎ ነበር። ማንም አልሳቀም። የእኛን ሰው ስለ እንግዳ ጠይቀው እንጂ መልስ አይቸግረውም። አብዛኛው «ምሳ ነዋ!» ይላል፤ አረንጓዴ ነው። «ምክር» የሚሉ አሉ፤ ያ ሹፌር ይበራል ማለት ነው፣ እንጠራዋለን። «መኝታ» ከተባለ ግን ረዳቱ የእኔንም የታደለንም ስልክ አንድ ላይ ያስጮኻል። መልሶቹን አንድ በአንድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ካስተማርኩት ወዲህ አንድም አላመለጠውም። ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አለው፤ ሰላምታውን ሁሉ ሳይሰለች ያዳምጣል።

ጥቅምት ላይ አንድ አስተያየት ገባ። ሹፌሩ ውበቱ ነው፤ የስልኩን ቁጥር ሳየው አወቅሁት። ያኔ አምበር ላይ የወረዱት አባት ናቸው፤ በዚህኛው ጊዜ እስከ አዲስ አበባ ነው የሄዱት። ረዳቱ አረንጓዴ አድርጎታል። ቢሆንም ድምፁን ከፈትኩት፤ ታደለንም ጠራሁት።

«እንዴት ዋላችሁ? ደኅና ናችሁ ወይ? ክረምቱ በሰላም ወጣላችሁ? ምን ታቀርብለታለህ ነው ያላችሁኝ? እንጃ ልጆቼ፣ ምን እንደሚያስፈልገው አላየሁም። ዛሬ እንኳ ተኝቼ ነው የመጣሁት።»

የእሳቸው ድምፅ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። የሥራ ቀኑ ሲከብደኝ እከፍተዋለሁ።