የግራ እግር የማትጠይቅ ሞተር

ንቢት እግሯን ያጣችው በሞተር አይደለም። በዚህ ነገር ማንም እንዲሳሳትባት አትፈልግም። ሞተሯ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። እሷ ክርና መርፌ ልትገዛ በእግሯ ወጥታ፣ የመንገዱን ዳር ይዛ ስትሄድ፣ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና መጥቶ ከግንብ ጋር አጣበቃት። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉላት፤ የግራ እግሯን ግን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ከሆስፒታል በወጣች ቀን ታላቅ ወንድሟ ደግፏት የግቢው በር ላይ ሲደርሱ፣ ሸራውን በአገጩ እያሳየ፣

"እንግዲህ ይቺ ነገር ከዚህ ቤት ትወጣለች" አላት።

"ለምን?"

"ለምን ትያለሽ ደግሞ? አልበቃሽም?"

"ወንድም ጋሼ፣ የተገጨሁት እኮ በእግሬ ስሄድ ነው። በአንተ አባባል መተው ያለብኝ መራመድ ነዋ!"

በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸው የነበሩት እናታቸው ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወንድሟ ግን አልሳቀም።

ሥራዋ የመቀመጫ ልብስ መስፋት ነው፤ የመኪና፣ የሞተር፣ አንዳንዴም የጥርስ ሐኪም ወንበር ሳይቀር ታለብሳለች። ንቢት የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው፣ በሞተሯ ድምፅ ምክንያት። ሞተሯ ትንሽ፣ እንደ ፍየል ቀጭን፣ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚቀዳላት ባለ ሁለት ምት የጭቃና የአቀበት ሞተር ናት። ከመጣች ጀምሮ እንደ ፋብሪካው አሠራር አንድ ቀን ውላ አታውቅም። ንቢት የጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታዋን፣ ቆርጣ አሳጠረችው፣ የሲሊንደሯን መተንፈሻዎች በሞረድ አሰፋች፣ ጋዝ በደንብ ሲሰጣት ብቻ፣ ከላይ እንድትከንፍ አድርጋ አበጀቻት። ከከተማው ጫፍ በተተወው የድንጋይ ካባ ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የአቀበት ውድድር፣ መጀመሪያ የሳቁባት ወንዶች ኋላ ኋላ ጭሷን መዋጥ ለምደው ነበር።

ሰው ሠራሹ እግር ከመጣላት በኋላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የስፌት መኪናዋን መርገጫ ድሮ በሁለት እግሯ ነበር የምታሽከረክረው፤ አሁን ቀኙ ብቻውን ቀረ። መጀመሪያ እግሩ እየደከመ ክሩ ይበጠስባት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ወፍራሙን የመኪና ቆዳ ሳይቀር እየነዳ ያወጣው ጀመር። አንድ ከሰዓት አንድ ትልቅ ሶፋ ጨርሳ ቀና ስትል፣ ቀኝ እግሯን እንደ እንግዳ ሰው አየችው።

"ይሄን ሁሉ ካስኬድክ፣ ማርሽ ለመቀየር ምን አነሰህ?" አለችው።

በሞተር ላይ ማርሽ የሚቀይረው ግራ እግር ነው፤ ቀኙ የኋላውን ፍሬን ይረግጣል። ንቢት ያሰበችው የሁለቱን ሥራ ማዛወር ነበር፤ ማርሹን ወደ ቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑን ደግሞ ወደ ግራ እጅ። ይህን ይዛ ከቤቷ ጀርባ ወደሚሠሩት ሽማግሌ በያጅ ሄደች። በያጁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሞተሯን ሁለት ጊዜ ዞሯት።

"ልጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም" አሏት።

"እኔም ነድቼው አላውቅም፣ አጎቴ። እኩል ነን።"

"ብትሞችብኝስ?"

"እርስዎ ብረቱን ይበይዱልኝ፣ መሞቱን ለኔ ይተዉት።"

ሽማግሌው "አፍሽስ አልተቆረጠም" ብለው መነጽራቸውን አወረዱ። በሞተሩ ሆድ ስር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ብረት አስገቡ፤ በአንዱ ጫፍ ከማርሹ ጋር አያያዙት፣ በሌላው ጫፍ መርገጫ በየዱለት። ሲጨርሱ ግን ነገሩ ተገልብጦ አገኙት፤ ወደ ታች መሆን የነበረበት ወደ ላይ ሆነ። በያጁ አፍረው ሊፈቱት ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው። "ይተዉት። ቀኝ እግሬ ከነጭራሹ ማርሽ አያውቅም፤ እንዴትም ባስተምረው ለሱ ያው ነው።"

የኋላ ፍሬኑን ከመሪው ላይ፣ ከፍሪሲዮኑ መያዣ ስር፣ በአውራ ጣት የሚገፋ አድርጋ ራሷ አሰረችው። መቀመጫውንም ፈትታ፣ በግራ በኩል ስፖንጁን ከፍ አድርጋ እንደገና ሰፋችው፤ ጉልበቷ የሚነክሰው ነገር እንዲያገኝ ብላ። ሁሉ አለቀ ብላ ቤንዚን ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ነው ከሲሊንደሩ ኋላ ባዶውን ቀዳዳ ያየችው። ቤንዚንና አየር የሚያዋህደው ካርቡራተር የለም። ብሎኖቹ በሥርዓት ተፈትተው፣ ቀዳዳው በንጹሕ ጨርቅ ተወትፏል። ሌባ እንዲህ አይጠነቀቅም። ቀጥታ ወንድሟ ክፍል ገባች።

"የት ነው?"

"ምኑ?"

"አታድርቀኝ፣ ወንድም ጋሼ።"

ወንድሟ ያነበው የነበረውን ጋዜጣ አጠፈ። "አልሰጥሽም። የፈለግሽውን በይ።"

"እግሬን ሐኪም ወሰደው፤ አስፈቅዶኝ፣ ፈርሜለት። አንተ ግን ካርቡራተሬን ሰረቅከኝ።"

"ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ የከረምኩት እኔ ነኝ!" አለ። "በር በተከፈተ ቁጥር ልቤ እየቆመ። ሁለተኛ አልችልም። ገባሽ?"

ገባት። ልቧም ተነካ። ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። "ፈርተሃል፤ አልፈርድብህም። እኔ ግን ያንተን ፍርሃት ተሸክሜ እስከ መቼ ልቀመጥ? የራሴ መች አነሰኝና?"

ካርቡራተሩን ግን አልሰጣትም። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም። በበያጁ ግቢ ከቁርጥራጭ ብረት መሃል የተጣለ አሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበር። የሱን ካርቡራተር ፈታች፤ ከሷው በጣም ያነሰ፣ የሕፃን ቡጢ የሚያክል። አጥባ፣ ነፍታ፣ ከጎማ ቆርጣ በሠራችው አንገት ከሞተሯ ጋር አገናኘችው።

ሞተሯ መጀመሪያ አኮረፈች። ጭሱ ሰፈሩን ሸፈነው፤ የጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ እየተለቀመ ገባ። ንቢት በየሙከራው እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትታ ቀለሙን ታያለች፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ቤንዚኑን የሚመጥነውን የካርቡራተር መርፌ ዝቅ፣ ከፍ፣ እንደገና ዝቅ። ካንዴላው ደረቅ የሸክላ ቀለም ይዞ የወጣ ዕለት አንዴ ረገጠቻት፤ ሞተሯም ሳታቅማማ ተነሳች፣ ጋዝ ሳይሰጣት የምትሠራበት ሚኒሞዋም ሳይንቀጠቀጥ ተረጋጋ።

ያኔ ያላሰበችውን አገኘች። ሞተሯ የድሮ ክንፏን አጥታለች፤ ከታች፣ በዝግታ ስትሄድ ግን ትጎትታለች። በእርምጃ ፍጥነት አቀበት ላይ ብትለቃት አትጠፋም፣ አታንቋርርም። እግሩን አውርዶ መሬት መደገፍ ለማይችል ሰው ደግሞ ከመክነፍ ይልቅ ቀስ ብሎ አለመውደቅ ይበልጥበታል። ስለዚህ ወደዚያው ገፋቻት። ያኔ የቆረጠችውን የማርሚታ አንገት አስረዘመችው፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላ ጎማ ጥርስ በትልቅ ቀየረችው። ድሮ አብረዋት ይወዳደሩ የነበሩ ጎረምሶች በግቢው አጥር አንገታቸውን አስግገው ድምፁን ሰሙና ሳቁ።

"ንቢት፣ ምን ሆነሽ ነው? ዝንብ ሆንሽ እኮ!"

"ዝንብ ደግሞ የምትገባው ባልተፈለገችበት ነው" አለቻቸው።

የመጀመሪያው ጉዞዋ አጭር ነበር። ለፍሬኑ ቀጭን የብስክሌት ሽቦ፣ ካቦ፣ ነበር ያሰረችበት፤ ቁልቁለቱ ላይ በአውራ ጣቷ ስትገፋው ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ እሷም የጎረቤቱን ቁጥቋጦ አጥር ጥሳ ገባች። ክንዷ ተልጦ፣ ፀጉሯ ቅጠል ለብሶ ሞተሯን እየገፋች ስትመለስ እናቷ በረንዳ ላይ ነበሩ። ወንድሟም ከኋላቸው ቆሟል።

"ወድቀሽ ነው?" አሏት እናቷ።

"ፍሬኑ ነው፣ እማዬ። ካቦው ሳስቶ ነው።"

"ታዲያ ወፍራም አታስሪለትም? ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉና ውሃ ሊያመጡላት ገቡ።

ወንድሟ እናቱን በድንጋጤ አያቸውና ወጣ። በማግስቱ ንቢት የስፌት መኪናዋን ስትከፍት ካርቡራተሯን በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘችው። አንስታ በእጇ መዘነችውና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

"አትገጥሚውም?" አለ ወንድሟ ከበሩ።

"ትንሹ ይሻለኛል።"

"ብወስደው ተቆጣሽ፣ ብመልሰው አልፈልግም አልሽ! ምንድን ነው የምትፈልጊው አንቺ?"

"ለውድድሩ መጥተህ እንድታየኝ።"

የውድድሩ ማኅበር ሰብሳቢ ጡረታ የወጣ ነጋዴ ነው፤ ሲናገር ሰውን ትከሻ የመዳበስ ልማድ አለው። ልትመዘገብ ስትቀርብ ትከሻዋን ዳበሰ። "እህቴ፣ አንቺ እኮ ኩራታችን ነሽ። ከኛ ጋር ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ታይያለሽ።"

"ስቀመጥ ነው የምውለው፤ ሥራዬ መቀመጫ ነው" አለች ንቢት። "ሁለት እግር የሌለው አይወዳደርም የሚል ደንብ ካለ ያሳዩኝ።"

አልነበረም። ደንቡ የሚለው፣ ተወዳዳሪው መነሻው ላይ ሞተሩን ያለ ማንም እርዳታ ራሱ ያስነሳ ነው። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። "እሱን ከቻልሽ... ለደህንነትሽ አስበን እንጂ።"

"ለደህንነቴ እኔ አስባለሁ። እርስዎ ስሜን ይጻፉ።"

በውድድሩ ቀን ካባው ዙሪያ ሕዝቡ ጢም ብሏል። ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ ነው የሚለቀቁት። ተራዋ ሲደርስ ንቢት ሰው ሠራሹን እግር መሬት ላይ ተክላ፣ መቀመጫዋ ላይ እንዳለች በቀኟ ረገጠች። ዝም። ደግማ ረገጠች። አንዴ ሳል አለችና ጠፋች። ከሕዝቡ ውስጥ አንዱ "ኧረ እርዷት!" ብሎ ጮኸ፤ ወንድሟም ሳያስበው ገመዱን ተሻግሮ እጁን ዘረጋ።

"እንዳትነካኝ!" አለች። "ብትነካኝ አለቀልኝ።"

እጁ አየር ላይ ቀረ። ንቢት ረጋ ብላ የብሎን መፍቻ ቁልፏን ከኪሷ አወጣች፣ ካንዴላውን ፈታች። ተራ ስትጠብቅ ሞተሯን አስነስታ በሚኒሞ ብዙ አቆይታት ስለነበር ካንዴላው ዘይት ጠጥቷል። በሱሪዋ ጠረገችው፣ እፍ አለችበት፣ መልሳ አሰረችው። ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል። እሷ ሰብሳቢውን አላየችም። ሦስተኛውን ስትረግጥ ሞተሯ ተነስታ ሰማያዊ ጭሷን ሰብሳቢው ፊት ላይ ለቀቀችበት።

የመጀመሪያውን አቀበት ያለ ችኮላ ወጣችው። ሌሎቹ እየጮሁ ያለፉትን አለት እሷ እየዳበሰች አለፈችው። አስቸጋሪው ወደ ግራ የሚታጠፈው ቦታ ነበር፤ ሁሉም እግሩን አውርዶ የሚደገፍበት። የፊት ጎማዋ ጠጠር ላይ ሲሸሽባት እሷም ሳትወድ ግራውን አወረደች። ሰው ሠራሹ እግር በሁለት ድንጋይ መሃል ተቀረቀረ። ሞተሯ ወደ ፊት ትጎትታለች፣ ድንጋዩ አይለቅም። መምረጥ ነበረባት። ጋዙን ሰጠች። ማሰሪያው ተላቀቀ፣ እግሩ ከነጫማው እዚያው ቀረ፣ እሷ ሄደች።

ሕዝቡ ጮኸ፤ ግማሹ በድንጋጤ፣ ግማሹ በሳቅ። ንቢት ከፍ ያለውን ስፖንጅ በጉልበቷ ነክሳ፣ በቀኝ እግሯ ማርሹን በተገላቢጦሽ እየመታች፣ የቀረውን አቀበት እንደ ጀመረችው ጨረሰችው።

ወንድሟ ሰው ሠራሹን እግር ከድንጋዩ መንጭቆ፣ አቀበቱን እየሮጠ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጦ ነበር። እሷ አለት ተደግፋ፣ ሞተሯን ሳታጠፋ ተቀምጣለች። ሰብሳቢውም በሌላኛው መንገድ በመኪና ደርሶ፣ ትከሻዋን ሊዳብስ እጁን አነሳ።

"እህቴ፣ ልዩ የክብር ምስክር ወረቀት ልንሰጥሽ ወስነናል። ለጥንካሬሽ።"

"ደረጃዬ ስንተኛ ነው?"

"ደረጃውን እንኳ እናቆየው..."

"ጋሼ፣ ስንተኛ ወጣሁ?"

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገለጠ። "ከመጨረሻ አራተኛ።"

"እሱን ይጻፉልኝ። ክብሩን ለራስዎ ያድርጉት።"

ከኋላዋ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ዝንብ ብሎ የሳቀባት ነበር፤ የራስ ቁሩን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ንቢት ግን ጊዜ አልነበራትም።

"ና ውጣ፣ ወንድም ጋሼ" አለችው።

"የት?"

"ከኋላዬ ነዋ። ቁልቁለቱን በእግርህ ልትወርድ ነው?"

ሞተር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። መጀመሪያ ሰብሳቢውን፣ ከዚያ ገደሉን፣ ከዚያ እህቱን አየ። ወጣ። ሰው ሠራሽ እግሯን በብብቱ ስር ሸጉጦ፣ በሌላ እጁ ወገቧን አንቆ ዓይኑን ጨፈነ።

"ቀስ በይ እንግዲህ! ሰማሽ? ቀስ!"

"አትጩህብኝ" አለች ንቢት፣ ማርሹን እየመታች። "የሞተሬን ድምፅ አላሰማ አልከኝ።"