ያልተኮሰው መድፍ

አልናብሩ በሚባለው የጭነት ሰፈር፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ የኮንቴይነር በር ስከፍት የዝገትና የግራሶ ሽታ ከመጣብኝ እጄ ጨርቅ ይፈልጋል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር በጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ሽርሽር ሄድን። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ፊዮርዱ ጠባብ ባሕር አዙረው የተከሉት መድፍ እዚያ ቆሟል። እኛ ልጆች ስንንጠለጠልበት፣ አገር ቤት መድፈኛ የነበረው አባቴ የእናቴን ነጠላ ከትከሻዋ ስቦ መድፉን ይወለውልበት ጀመር።

“ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?” አለች እናቴ።

“አጠገቡ የቆመውን ሰሌዳ አንብቢው፤ አንዴም ሳይተኩስ ነው ጦርነቱ ያለቀው” አላት ቀና ሳይል። “ታድሎ!”

መድፍ ደግሞ በምን ይታደላል ብዬ ሳቅሁ። ጀልባዋ ጥሩምባ ስትነፋ እንኳ አልተወውም።

እናቴ ነጠላውን ስንቴ አጠበችው፤ የዝገቱና የግራሶው እድፍ አልለቀቀም። አባቴ ዛሬም ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ ይኖራል። እሱ ስንቴ እንደተኮሰ ግን ጠይቄው አላውቅም።