በጠራራ ፀሐይ የቀጠነው ወንዝ

ሩስታም የመንደራችን የውሃ አባት ነው። አያት የሆነን ሁሉ አፖ ስለምንል፣ አፖ ሩስታም እንለዋለን። ማን መቼ እንደሚያጠጣ እሱ ይቆርጣል፤ እሱ ሳይፈቅድ ውሃውን ከሚዘጋው የቦዩ አፍ አንድ ድንጋይ አይነሳም። አያቱን ብታውቁት! የበረዶ ግግር ወንድና ሴት አለው ስለምንል፣ ከወንዱም ከሴቴዋም ቆርጦ፣ በቅርጫት ተሸክሞ፣ ሳይናገርና መሬት ሳያስነካ ወስዶ ዋሻ ውስጥ ያጋባቸው ሰው ነው። ይኸው ወንዛችን ከዚያ ጋብቻ ነው የተወለደው። መንገድ ላይ አማቱን አግኝቶ ሰላም ስላላላት እስከ ዕለተ ሞቷ አኩርፋዋለች። ይህን ከእኔ በቀር አጣርቶ የሚያውቅ የለም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ያን ቀን ተራው የሺሪን ነበር። ሺሪን ባሏ የሞተባት፣ ያላት አንድ የድንች ማሳ ብቻ የሆነ ሴት ናት።

"አፖ፣ ድንቼ ጠውልጓል። ዛሬ ካልጠጣ የበረዶውን ወራት እርስዎን ነው ቀቅዬ የምበላዎት።"

"እኔ አልበስልም፣ እንጨትሽን ትጨርሻለሽ። በቀትር ውሃሽ ይደርሳል፣ ቃሌ ነው።"

ቀትር ሆነ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እንዲህ ሲሆን በረዶው እየቀለጠ ወንዙ ድንጋይ ያንከባልላል። ያን ቀን ግን ቀጠነ። አፖ ሩስታም ዓይኑን አሸ። ሙቀቱ ጨምሮ ውሃው እንዴት ይቀንሳል? በረዶዋ አለቀች? ባልና ሚስቱ ግግሮች ተጣሉ? የላይ መንደር ሰዎች ሰረቁን? ሦስቱንም አመነ።

ኋላ ሌቦቹ ላይ ረጋ። ጠብታ እንዳታመልጠው የቦዩን አፍ ድንጋዮች አንድ ሳያስቀር አነሳና አካፋውን ተሸክሞ ወንዙን ይዞ ሽቅብ ወጣ።

ላይ መንደር ሲደርስ ሰዉ ፍየሉንም ሕፃኑንም ይዞ ወደ ከፍታው እየሸሸ ነው። ባቂር፣ የእነሱ የውሃ አባት፣ አየው።

"ውሃዬን መልሱ" አለ አፖ ሩስታም።

"የምን ውሃ፣ አንተ ሽማግሌ? ግግሩ ተንዶ ሸለቆውን ዘግቶታል፤ ከኋላው ሐይቅ ቆሟል። በአካፋ ልትቀዳው ነው?"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?"

"ሰው ልከናል፣ በአቋራጩ ወርዷል። አንተ በየት መጣህ?"

"በቦዩ አፍ በኩል" አለና ያነሳቸው ድንጋዮች ትዝ አሉት። አፉን ሊዘጋ ሁለት እርምጃ ወረደ። ሐይቁ ግግሩን ጥሶ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ባቂር በቀሚሱ ጎትቶ አስቀረው። ከታች ያለፈው ነገር ውሃ ይሁን ተራራ አልለየውም።

በማግስቱ ወረደ። መልእክተኛው ደርሶ ኖሮ ሰው ሁሉ ተርፏል። የሺሪን ማሳ ከፍ ያለ ስለሆነ ጎርፉ አልነካውም፤ ድንቹ እንደጠወለገ ነው። ከሥሩ ወንዙ ሞልቶ ያገሳል። ቦዩ ግን በተከፈተው አፉ በገባው ጎርፍ እስከ ጭራው ተጠርጎ ጠፍቷል።

"አፖ፣ ተራዬ አላለፈም አይደል?"

"አላለፈም።"

"ታዲያ ውሃው ያውና።"

አፖ ሩስታም ወንዙን አየ፣ ቦዩ የነበረበትን አየ። ትናንት ውሃ ጠፍቶ ነበር የተቸገረው፤ ዛሬ ይኸው ሞልቷል። ባይከፍተው ኖሮ ቦዩ ይተርፍ ነበር? ወይስ ያው ነው? አልገባውም። አካፋውን አስቀመጠና፣

"ባልዲ አለሽ?" አላት።

"አንድ። እጀታው የወለቀ ነው።"

"አምጪው።"