እጅ የማይለቁት አጎቴ

አጎቴ የሰው እጅ ከጨበጡ ቶሎ አይለቁም ነበር። ሶዶ ውስጥ ለቅሶ ቤትም ይሁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቢሮ የሚሠራ ሰው ካገኙ እጁን እንደያዙ ወደ እኔ ይዞራሉ።

«የእህቴ ልጅ ነው። ምህንድስና ተመርቆ ቤት ተቀምጧል። ስልክህን ስጠው።»

ሰውየው ቁጥሩን እስኪነግረኝ ድረስ እጁ አይለቀቅም። እኔ በሃፍረት አንገቴን ደፍቼ እመዘግባለሁ። «የአጎቴ ሰው አረካ»፣ «የአጎቴ ሰው ገሱባ» እያልኩ አራት ዓመት ስልኬን ሞላሁት። ለአንዳቸውም ደውዬ አላውቅም።

«ደወልክ?» ሲሉኝ «አያነሱም» እላቸዋለሁ። እሳቸውም አምነውኝ «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» ይሉና ሌላ ሰው ይፈልጉልኛል።

ባለፈው ሳምንት ለሁሉም ደወልኩ፤ አጎቴ ማረፋቸውን ልነግራቸው። ሁሉም በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። ከአረካም ከገሱባም መጡ።

ድንኳኑ ውስጥ የአረካው ሰውዬ እጄን ጨብጦ «አንተ ምናቸው ነህ?» አለኝ።

«የእህታቸው ልጅ ነኝ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁልጊዜ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ሰውዬው ትንሽ ጠበቀኝና «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ እጄን ለቀቀው።