ሦስት ጋራ የተሻገረ ዳቦ

የቦጂያ ዱላ ሁለት ቦታ ላይ ያብረቀርቅ ነበር። ራሱ ቋጠሮ ያለው የወይራ ዱላ ነው። በቀጭኑ ጫፍ በኩል፣ እጁ የሚጨብጠው ቦታ፣ ቅቤ የጠጣ ይመስል ጠቁሮ ለስልሷል። መካከሉ ላይ፣ ማጅራቱ የሚያርፍበትም ቦታ ያበራል፤ ግን ፈዘዝ ብሎ፣ ብዙ እንዳልተሠራበት ዕቃ። የእነዚህን ሁለት ቦታዎች ነገር የተረዳ ሰው የቦጂያን ሕይወት ከግማሽ በላይ አወቀ ማለት ነው።

ቦጂያ መርዶ ነጋሪ ነበር። ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ወሬውን ለዘመድ የሚያደርሰው እሱ ነው። መርዶ ሲይዝ ዱላውን፣ በለቅሶ ቀን ጠመንጃ እንደሚዘቀዘቅ፣ ቋጠሮውን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይሄዳል። ምንም ሳይዝ ሲቀር እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው ማጅራቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን ያንጠለጥልበታል። ይህን ያዘዘው ሰው የለም። በጠላት ዘመን ሦስት ጓደኞቹን ቀብሮ ሲመለስ ሦስቱን እናቶች ማርዳት የእሱ ዕጣ ሆነ፤ ያን ጊዜ እጁ በራሱ ዱላውን ዘቀዘቀው። ሳይጮህ፣ ሳይዋሽ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው በሞተ ቁጥር “ቦጂያን ጥሩት” ማለት ተለመደ። ለሠርግ የሚጠራው ግን አልነበረም። ሴቶች ከሩቅ ሲያዩት መጀመሪያ የሚያዩት ዱላውን ነበር፤ ፊቱን የሚያዩት ዱላው ከተጋደመ ብቻ ነው።

በ1953 ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከተማው በተኩስ በታመሰበት ሳምንት፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰበታ ገብቶ እያለቀሰ “ሁንዴ ሞተ፣ ሁንዴን ጥይት መታው” አለ። ዕቃ ጫኙ ሁንዴ ከሱሉልታ መጥቶ ሰበታ የሚሠራ የመበለቷ የገለቴ ልጅ ነው፤ ከተማ ገብቶ ሳይመለስ ሦስት ቀን ሆኖታል። ቦጂያ ሌላ ጊዜ ቢሆን የአባቱን ስም ይጠይቅ ነበር። ሳይጠይቅ የሄደበት መርዶ የለም። ያን ቀን ግን የሚያለቅስ ሰው ፊት “የትኛው ሁንዴ?” ማለት አሳፈረው። ዱላውን ዘቅዝቆ ተነሣ።

በከተማው በኩል ማለፍ አይቻልም ነበር፤ ወታደር መንገዱን ይዟል፤ አውቶቡስ የለም። ስለዚህ በጋራ በጋራው ዞረ። ከሰበታ ወደ ወጨጫ ራስ፣ ከወጨጫ ወደ መናገሻ፣ ከመናገሻ ወደ ገፈርሳ ውኃ ወርዶ፣ በቡራዩ ጀርባ እንደገና ወደ እንጦጦ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ሱሉልታ ሜዳ። ጤነኛ እግር ሁለት ቀን የሚፈጅበትን መንገድ ቅዳሜን ሲሄድበት ውሎ፣ አመሻሽ ላይ ለሁንዴ አጎት ለዳዲ በጆሯቸው ነገራቸው። ሽማግሌው “የገለቴ እህት ከጫንጮ ትምጣ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እናረዳታለን” አሉ። የገለቴን ባል መርዶ ያመጣው ቦጂያ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልተነሣችም። አሁን የቀራት አንድ ልጅ ነው። ቦጂያ በደጇ ሳያልፍ እሑድ በመጣበት ጋራ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ያበጡ እግሮቹን ዘርግቶ ሰበታ፣ የአብዶ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ከኋላው አንድ ሰው፣ አፉ ምግብ እንደሞላ፣

“አብዶ፣ ዳቦ ድገመኝ! ሦስት ቀን ሙሉ ቆሎ ብቻ ነው የቆረጠምኩት!” አለ።

ቦጂያ ዞር ሲል የፊት ጥርሱ አንድ የጎደለ ጎረምሳ ዳቦ እየገመጠ አየ።

“ኦቦ ቦጂያ! ነጋ ቡልተኒ? ደህና አደሩ?”

ቦጂያ ብርጭቆውን አስቀመጠ። “አንተ... የማን ልጅ ነህ?”

“የገለቴ ነኛ! ሁንዴ! ምነው፣ ረሱኝ?”

“ሞተህ አልነበረም እንዴ?”

ሁንዴ ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። “እሱ ከሰበታ ወዲያ፣ የተጂ አገሩ ሁንዴ ነው” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አብረን ነበር የምንጭነው። ዘመዶቹ ወስደው ትናንት ቀበሩት። እኔ አጥር ዘልዬ ነው የተረፍኩት።” ቁርጭምጭሚቱን አሳየው፤ እንደ ቅል አብጧል።

አብዶ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። “ያ ረቢ! ኦቦ ቦጂያ፣ ለማን ነገሩ?”

“ለዳዲ።”

“እናቴስ?” አለ ሁንዴ።

“ነገ ጎህ ሲቀድ።”

ሁንዴ ብድግ አለ፤ እግሩ አልያዘውም፤ አግዳሚው ላይ ወደቀ። ቦጂያ ዱላውን አንሥቷል።

“ተቀመጥ። እኔ የገደልኩህን እኔው አስነሣሃለሁ። ግን የተናገረውን የሚያጥፍ መርዶ ነጋሪ ማን ያምናል? አንጀቴ ራርቶ የምዋሽ ነው የሚመስላቸው። ምልክት ስጠኝ።”

ልጁ ፈጥኖ ማተቡን ከአንገቱ ሊያወልቅ ጀመረ።

“አብደሃል? ማተብ ከማን አንገት ነው የሚወልቀው? ይህን ይዤ ብሄድ ገና ሳልናገር ክልትው ትላለች። ከሕያው ሰው ብቻ የሚገኝ ነገር አምጣ!”

“ከሕያው ሰው ብቻ የሚገኘው ረኃብ ነው” አለ አብዶ።

ይቀልድ ነበር። ቦጂያ ግን ሁንዴ እጅ ላይ ያለውን ዳቦ ትክ ብሎ አየው። የንክሻው ግማሽ ክብ ጠርዙ ጥርት ብሏል፤ መካከሉ ላይ፣ ጥርሱ በጎደለበት ልክ፣ ቀጭን የዳቦ ግንብ ቆሟል።

“በዚያኛው በኩል ድገመው። ደህና አድርገህ ንከስ። ግን ጠርዙን እንዳታፈራርሰው።”

አብዶ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቀለለው። ለመንገድም ሌላ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ቋጠረለት። ቦጂያ የጋዜጣውን ጥቅል ብብቱ ውስጥ ከትቶ እንደ ነፋስ ወጣ። ስንቁን አግዳሚው ላይ ረስቶት ሄደ።

ይህን ያወቀው ወጨጫ ወገብ ላይ ነው። ከዛፎቹ በላይ ሲወጣ ሣሩ ላይ የሌሊቱ ውርጭ ገና አልቀለጠም፤ በጥላው በኩል እንደ ጨው ነጭቷል፤ ሲረግጡት እንደ ጥጥ ፍሬ ይንኮሻኮሻል። ኪሱን ዳበሰ፣ ምንም። ብብቱን ዳበሰ፣ የሁንዴ ዳቦ። እጁን መልሶ አወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከተማው ከታች፣ ሰማያዊ ጭስ ውስጥ ተኝቷል። ተኩስ አይሰማም። ከዚያ ሁሉ ቤት የትኛዋ እናት ዛሬ ልጇን እንደምትጠብቅ፣ የትኛዋ መጠበቅ እንደተወች ከዚህ ከፍታ አይታወቅም። ቦጂያ ዓይኑን ወደ ሰሜን መለሰ። መናገሻ ደኑን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይታያል፤ ከመናገሻ ወዲያ የእንጦጦ ጀርባ፤ ሱሉልታ ከዚያም ወዲያ።

“ሦስተኛው ነህ” አለው ለእንጦጦ፣ እንደሚሰማው ሰው። “ጠብቀኝ።”

መናገሻ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ከምንጩ ጠጣ፤ ውኃው ረኃቡን አባሰው። ኮሶ ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ቅጠል ይበላሉ፤ ያ ሁሉ ነጭ ጭራ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ቆሞ አየና፣ እነሱ እንኳ ምሳቸውን አልረሱም ብሎ ለብቻው ሳቀ። መርዶ ይዞ ሲሄድ ስቆ አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን ቁልቁለቱ ራሱ የሚገፋው ይመስለዋል፤ ደረቱ ውስጥ፣ ከዳቦው አጠገብ፣ አንድ የሚዘል ነገር አለ።

ገፈርሳ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች አገኘ። ጥርሱን አሳይቶ “ነጋ! ሰላም ዋላችሁ?” አላቸው። ሴቶቹ እርጥቡን ልብስ እንዳለ አፍሰው ወደ ቤታቸው ሮጡ። አንዷ “ለእኛ አታድርገው” እያለች ታማትባለች። ቦጂያ ግራ ገባው። ሰው ሲስቅ አይታወቅም እንዴ? እንዲያ እያለ አለፈ።

የእንጦጦው ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ጥላው ረዝሟል። ተነሥ ቢል እግሩ አይታዘዝም፤ ካልተነሣ ደግሞ ነገ ጎህ ሲቀድ እነዳዲ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደዚያች ሴት ደጅ ይሄዳሉ። ጋዜጣውን ፈታ። ዳቦው ደርቋል፤ ሽታው ግን... ምራቁን ዋጠ። ከሁለቱ ንክሻዎች ራቅ ካለው ማዕዘን፣ ምልክቱን ሳይነካ፣ አንዴ ብቻ ገመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ አኘከው። ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ዳቦ አለ ለካ! ተነሣና ዳገቱን ጨረሰው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሱሉልታ ሜዳ ከሥሩ ተዘረጋ፤ ታጭዶ የተከመረው ሁሉ ወርቅ ለብሷል። ከአውድማ አንዲት ሴት መንሽ ተሸክማ ትመለሳለች። አረማመዷን ከሩቅ ዐወቀው፤ ገለቴ ናት። መጀመሪያ ለዳዲ ሊነግር ነበር ያሰበው፤ አሁን ግን መንገዱ ላይ እሷ ብቻ አለች።

ገለቴ ቀና ብላ አየችው። መንሹ ከትከሻዋ ወደቀ። ሁለት እጆቿን ራሷ ላይ ጫነች።

“ነጋ! ነጋ! ሰላም ነው!” ብሎ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ወደ ኋላው ወሰደው።

ገለቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቦጂያ የዚያን ጊዜ ነው እጁን ያየው። ዱላው ተዘቅዝቋል። ከሰበታ እስከዚህ፣ ሦስቱንም ጋራ፣ ሲስቅም ሲዘልም፣ የሃያ ዓመት ልማድ ያለው እጁ ዘቅዝቆ ይዞት ነበር። ሴቶቹ የሮጡት ለዚህ ነው! ዱላውን ወደ ሰማይ ወርወር አድርጎ ቀለበው፤ ማጅራቱ ላይ አጋደመው፤ ሁለት እጆቹን አንጠለጠለበትና እንደዚያው፣ ቀንበር እንደ ተጫነ በሬ፣ ሜዳውን በሩጫ ወረደው።

ገለቴ ዱላውን አየች። ከዚያ ፊቱን አየች።

“ማን ነው?” አለች ሲደርስ።

“ማንም! ማንም አልሞተም!”

“እህቴ ታዲያ ከጫንጮ ለምን መጣች? ዳዲ ለምንድን ነው ዓይኔን የማያየኝ?”

ቦጂያ ዳቦውን አወጣና ሰጣት። ገለቴ ጋዜጣውን ፈታች። ንክሻውን ወደ ብርሃን አዞረችው፤ መካከሉ ላይ የቆመውን ቀጭን ግንብ በጣቷ ነካችው። ከዚያ የሚቀጥለውን አየች።

“ይህ የሁንዴ ጥርስ ነው። መቼ ነው የነከሰው?”

“ዛሬ ጠዋት። እየሳቀ። እግሩን ወለም ብሎት ነው እንጂ እሱ ነበር የሚመጣው።”

“ይህስ? በዚህ ወገን ሁሉም ጥርስ አለ!”

“እሱ... የእኔ ነው” አለ ቦጂያ፣ እንደ ልጅ አንገቱን ደፍቶ። “ራበኝ።”

ገለቴ ሳቀች። ሳቋ መካከል ላይ ወደ ልቅሶ ታጠፈና ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ዳዲና እህቷ ከቤት ሮጠው ሲደርሱ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ዳቦውን ደረቷ ላይ ይዛ አገኟት።

“ዳዲ” አለቻቸው፣ “ልጄ የሞተው መቼ ነበር?”

ሽማግሌው ቦጂያን አዩ፤ ዱላውን አዩ፤ ዳቦውን አዩ። “ዓርብ ነው የተባለው” አሉ ቀስ ብለው።

“ዛሬ ሰኞ ነው። እኔ ሳላውቅ ሞቶ፣ ሳላውቅ ተነሣ! ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም!”

“አንተ ሰውዬ!” አሉ ዳዲ ወደ ቦጂያ ዞረው። “ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አላየሁም። ዱላህን በራስህ ላይ ብሰብረው ደስ ባለኝ!”

“ይስበሩት ጌታዬ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአባቱን ስም ሳልጠይቅ ሄድኩ።”

ዳዲ ግን አንገቱን አቅፈው ሳሙት።

“ቆይ” አለች ገለቴ ተነሥታ ቀሚሷን እያራገፈች። “በደንብ አልነገርከኝም። እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው?”

“ምኑ?”

“አንተ! የምስራች አይባልም?”

ቦጂያ አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ሙሉ ያን ቃል ከሌላ ሰው አፍ እንጂ ከራሱ አውጥቶት አያውቅም።

“የምስራች!”

“ምስር ብላ!” አሉ ሦስቱም በአንድ ላይ። ቦጂያም በእርግጥ ያን ማታ ምስር በላ፤ ገለቴ ሦስት ጊዜ ጨመረችለት፤ እየበላ ተቀምጦ አንቀላፋ።

በማግሥቱ፣ መርዶው ሊነገር በታሰበበት ጎህ፣ ተነሥቶ እግሩን በቅቤ አሸ። ገለቴ ስንቁን ራሷ ወገቡ ላይ አሠረችለት፣ እንዳይረሳው።

“እንግዲህ ቶሎ ልሂድ” አለ። “ከሰበታ አልፌ ተጂ እሄዳለሁ። ያኛውም ሁንዴ እናት አለችው። የእሷን መርዶ ሌሎች ነግረዋታል፤ ለቅሶ ልድረሳት።”

ገለቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች። ከዚያ “በእኔም ስም አልቅስላት” አለች። “ሁንዴንም፣ እግሩ ሲድን እናቱ ጠርታሃለች በለው። ሲያገባ ደግሞ መጀመሪያ የምጠራው ሰው አንተ ነህ። ዱላህን አጋድመህ ና።”

ቦጂያ ሳቀና አንገቱን ነቀነቀ። ዱላውን በቀኝ እጁ ይዞ ትንሽ አመነታ። ተጂ ደጅ ሲደርስ እንዴት እንደሚይዘው ያውቃል፤ ተጂ ለመድረስ ግን ገና ሦስት ጋራ ይቀረዋል። ማጅራቱ ላይ አጋደመው፤ ሁለት እጆቹን አንጠለጠለበት። ሜዳውን አቋርጦ ወደ እንጦጦ ዳገት ዞረ። ባሕር ዛፎቹ መካከል እስኪገባ ድረስ፣ ያ ቀጭን መስመር ትከሻው ላይ ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ ከኋላ ይታይ ነበር።