በሐምሌ የሚግል አምፕሊፋየር

ሽማግሌውን መንከባከብ የጀመርኩት በግንቦት መጨረሻ ነው። የምሠራበት የሆም ኬር ድርጅት ዴንቨርና ኦሮራ የሚዋሰኑበት ሎውሪ ሰፈር ወደሚገኘው የሴት ልጃቸው ቤት ላከኝ። ልጅየዋ ነርስ ናት፤ እኔ ጠዋት ስገባ እሷ ትወጣለች።

"አባባ ምንም አይሰሙም" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። "የጆሮ ማሽኑን አሳከከኝ ብለው ጥለውታል። የሚነግሩህን ስማቸው፤ የምትነግራቸው ካለህ ደግሞ ጻፍላቸው።" አንድ ትልቅ ደብተር ሰጥታኝ ሄደች።

ሰማንያን አልፈዋል። የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ተሳቢ ሲነዱ ጆሯቸውን የበላው ሞተሩ ነው። የልጅ ልጆቻቸው የሚያወሩት እንግሊዝኛ ስለሆነ ከንፈር አይተው እንኳ መገመት አይችሉም። ቤቱ በሰው በተሞላበት ቀንም ብቻቸውን ናቸው።

እኔም ከእሳቸው የምሻል አልነበርኩም። ከባለቤቴ ከተለያየን በኋላ ቻምበርስ ሮድ አካባቢ አንዲት አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን እኖር ነበር። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ እስከ ሰኞ ጠዋት ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የከረምኩበት ጊዜ አለ። የቀረችኝ ቅንጦት መኪናዬ ናት። ገና ትዳር ሳልይዝ፣ በወጣትነት ሞኝነት፣ ከኋላ ትረንኩ ውስጥ ትልቅ የቤዝ ስፒከርና ድምፁን የሚያጎላ አምፕሊፋየር አስገጥሜ ነበር።

በሰኔ አንድ ቀን ሐኪም ጋ ልወስዳቸው መኪናዋን ሳስነሳ፣ ጠዋት ሳላጠፋው የወረድኩት ሙዚቃ በኃይል ተለቀቀ። ሽማግሌው ደንግጠው የበሩን እጀታ ጨበጡ።

"ምንድነው የሚመታው? ሞተሩ ነው?"

"ሙዚቃ ነው" ብዬ ጻፍኩላቸው።

አነበቡና መዳፋቸውን በሩ ላይ ዘረጉ። ትንሽ ቆይተው በሌላው እጃቸው ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ። አንድም ምት አልሳቱም።

"ችክችካ ነው!" ብለው ጮኹ። "አይደለም እንዴ? ከፍ አድርገው!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይዣቸው መውጣት ልማድ ሆነ። ልጃቸውም ፈቀደች።

ሐምሌ ገባ። የኦሮራ ሐምሌ ዝናብ የለውም፤ አስፋልቱ ራሱ ይጤሳል። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ከዋለች፣ ገና አሥር ደቂቃ ሳንሄድ ሙዚቃው ቀጥ ይላል።

"ለምን አጠፋኸው?" ይሉኛል ቅር ብሏቸው።

አንድ ቀን ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ስንደርስ እንደዚያው ሆነ። አንድ የሐበሻ ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩና ጻፍኩላቸው፤ "እኔ አላጠፋሁትም። አምፕሊፋየሩ ግሎ ነው። በጣም ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ይጠፋል።"

"የት አለ? አሳየኝ" ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ።

ትረንኩን ስከፍተው ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊታችንን ገረፈን። አምፕሊፋየሩ ምንጣፉ ላይ ተጣብቆ ቀይ መብራቱን አብርቷል። በላዩ አንድ ብርድ ልብስና ሁለት የሴት ካፖርት ተቆልሎበታል። ሽማግሌው ካፖርቶቹን በከዘራቸው ገፋ አድርገው ብረቱን በጣታቸው ነኩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

"አፋር በረሃ ላይ ለሞተር ካፖርት ሲለበስ አላየሁም" አሉ። "እኛ ውሃችንን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ነበር የምናቀዘቅዘው። እርጥብ ጆንያ ጣልበት!"

"ኤሌክትሪክ ነው! ውሃ ያቃጥለዋል" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። "እንግዲያው አየር ስጠው። ከላይም ከሥርም። ልብሱ የማን ነው?"

ደብተሩን ትረንኩ ጠርዝ ላይ አስደገፍኩ። "ሚስቴ የነበረችው። ስትሄድ የረሳችው" ብዬ ጻፍኩ።

አነበቡና ደብተሩን ራሳቸው ዘጉት። "የእኔዋም ካፖርት እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው" አሉ። "ሦስት ዓመቷ ነው ከሞተች።" ወደ መኪናው ተመልሰው ገቡ።

በዚያው እሑድ ካፖርቶቹን ለቤተ ክርስቲያን የልብስ ማሰባሰቢያ ሰጠሁ። አምፕሊፋየሩን ፈትቼ አራት የእንጨት ቁራጭ ከሥሩ አስገብቼ ከምንጣፉ ከፍ አደረግኩት። ከተበላሸ ኮምፒውተር የነቀልኳትን ትንሽ ማራገቢያም አብራው እንድትዞር አድርጌ በጎኑ አሰርኩ። ለዓመታት እስከ ጥግ ከፍቼው የኖርኩትን ጌይን የሚባለውን የጉልበት መቆጣጠሪያ ዝቅ አደረግኩ፤ ያን ያህል መጨነቅ አያስፈልገውም ነበር። ከዚያ በኋላ ዛፍ ሥር እንጂ ፀሐይ ላይ አላቆምም። የምንወጣበትንም ሰዓት ወደ ጠዋት አዞርነው። ከመነሳታችን በፊት ትረንኩን ከፍቼ የታፈነውን ሙቀት አስወጣለሁ፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ይቆጣጠሩኛል።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሐይቅ ሄድን። ስንሄድም ስንመለስም ሙዚቃው አንዴም አልተቋረጠም። መዳፋቸው በሩ ላይ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር።

"ከሰው ጋር መንገድ ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ!" አሉ።

ልመልስላቸው ፈለግኩ፤ መሪ ይዤ መጻፍ አልችልም። ዝም ብዬ በአፌ ማውራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ለምን እንደሄደች፣ እኔ ምን እንዳልኳት፣ ማለት ሲገባኝ ምን እንዳላልኩ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ሁሉ ተናገርኩ። አንዱንም እንደማይሰሙ አውቃለሁ። ሎውሪ እስክንገባ አላቆምኩም። እሳቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ነበር።

በመስከረም ልጅየዋ በር ላይ አቆመችኝ። "ቴክሳስ ሥራ አግኝቻለሁ። በዚህ ወር መጨረሻ እንሄዳለን" አለች። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት።

በመጨረሻው ቀን ሽማግሌው ደብተሩን አቀረቡልኝ። "ስልክህን ጻፍልኝ።"

"አባባ፣ በስልክ እንዴት አድርገው ሊሰሙት ነው?" አለች ልጃቸው፣ እንደማይሰሟት ረስታ። ቁጥሬን ጻፍኩ። ገጹን ቀድደው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ትከሻዬን ስመውኝ ገቡ።

ድርጅቱ ዴንቨር ውስጥ ሌላ ሰው ሰጠኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሚተኙ አሮጊት ናቸው።

በኅዳር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አፓርትመንቴ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁ።

"እኔ ነኝ!" አሉ ሽማግሌው እየጮኹ። "ማንሳትህን ስልኩ ላይ አየሁ። እንደማልሰማህ ታውቃለህ፤ ዝም ብለህ ስማኝ።" ስለ ቴክሳስ ሙቀት ነገሩኝ። ጎረቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር እንደሆነ፣ በምልክት እንደሚግባቡ፣ ጉልበታቸው እንደባሰባቸው ነገሩኝ። አሥር ደቂቃ ያህል አወሩ። እኔም እንደማይሰሙ እያወቅኩ በየመሃሉ "እሺ አባባ፣ እሺ" እላለሁ።

"በል፣ ጨረስኩ" አሉና ዘጉት።

እጄን በፎጣ ጠረግኩ። ከዚያ ቁጥሩን መዘገብኩና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።